ሻንጣውን ያነሳው አስተናጋጅ

ጋሽ ዘውዴ ማረፉን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። ስልኬ ጠራ፤ እህቱ ወይንሸት ናት። «ሂሩትዬ፣ ወንድሜ ጥሎኝ ሄደ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁም። ወርጄ በእግሬ ልሂድ እንዳልል የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ነኝ፤ በሰውና በዘንቢል ታጥሬያለሁ። እዚያው እንደታፈንኩ እንባዬ ወረደ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ምንም ሳይጠይቁ ሶፍት አቀበሉኝ። ልቡ ደካማ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ሰው ማወቁ ምን ይረዳዋል?

ከጋሽ ዘውዴ ጋር ለብዙ ዓመታት አብረን ሠርተናል። ቸርችል ጎዳና ላይ በነበረች አንዲት ካፌ እኔ ካሸር፣ እሱ አስተናጋጅ። እኔ ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ፤ የእሱ ፀጉር ግን መሸበት ጀምሯል። ረጅምና ከሲታ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። ሰው ሲያናግረው ትሪውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አፉ አያርፍም። ወር ሳይደርስ ኪሱ ለደረቀ የቢሮ ሠራተኛ ማኪያቶ ሲያቀርብ «እንካ፣ ይሄ እንደ ደሞዝህ ነው፤ አረፋው ይበዛል» ይለዋል። አንድ ሻይ ይዘው ለሚውሉ ፍቅረኛሞች ደግሞ «ሻዩስ ይቀዝቅዝ፣ እናንተ ብቻ እንዳትቀዘቅዙ» ይላቸዋል። ደንበኛው ይስቃል። እሱ ግን አይስቅም።

አንድ ነገሩ ግን ይገርመኝ ነበር። ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ አይቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ይቆማል። አንድ ደንበኛ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ደግሞ የጋሽ ዘውዴ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሩ ሥር ነው። ሂሳብ ከመቀበሉ በፊት፣ ጠረጴዛውን ከመጥረጉ በፊት፣ ወንበር ሥር ያያል። እኔ ንጽህና መውደዱ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴት ሻይ ጠጥታ፣ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። ጋሽ ዘውዴ ጠረጴዛውን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ደርቆ ቀረ። ትሪው ከእጁ ወደቀ። ብርጭቆው ሲሰበር ሁላችንም ዞር አልን። ወንበሩ ሥር አንድ ሰማያዊ ሻንጣ አለ።

«ሂሩት፣ ሰውን ሁሉ አስወጪ» አለኝ በቀስታ።

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«አስወጪ ብዬሻለሁ!»

ጮኾ የማያውቅ ሰው ሲጮኽ ያስፈራል። ደንበኞቹን ገፋፍቼ አስወጣሁ፤ ሂሳብ ያልከፈለው ከከፈለው ጋር ተደባልቆ መንገዱን ተሻገርን። በመስተዋቱ አሻግሬ ሳይ ጋሽ ዘውዴ አልወጣም። ሻንጣው አጠገብ ቆሟል። አይነካውም፤ አይሸሸውም። ሁለት እጁን ጎኑ ላይ ጥሎ፣ ቁም እንደተባለ ወታደር ቆሟል። እኔ «ጋሼ! ውጣ!» እያልኩ ብጮኽ ቀና ብሎም አላየኝ።

እንደዚያ እያለ ሴትየዋ ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። «ውይ፣ የልጄን ዕቃ ረስቼ!» ብላ፣ ቁሚ ሳንላት በሩን ከፍታ ገባች። ሻንጣውን አነሳች፣ ዚፑን ከፈተች፣ ጡጦ አውጥታ ልጇን አጎረሰች። ዳይፐርና የሕፃን ልብስ ነው። «አመሰግናለሁ አባባ፣ ስለጠበቁልኝ» አለችው። «ምንም አይደል እመቤት» አላት፤ በር ድረስም ሸኛት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደ። ስከተለው ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት።

«እኛን አስወጥተህ አንተ ለምን ቀረህ ጋሼ?»

«ያኔ ወጥቼ ነበራ» አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ።

እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ ኬክ ቤት ይሠራ ነበር። ያ ኬክ ቤት በፈንጂ መመታቱን እኔም ተማሪ ሳለሁ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ እሱ እዚያ እንደነበረ ግን አላውቅም። ቤቱ ሞልቶ በነበረበት ከሰዓት በኋላ አንድ ጥሩ የለበሰ ሰውዬ ሻይ ጠጥቶ ወጣ። ወንበሩ ሥር ጥቁር ሻንጣ ቀረ። ጋሽ ዘውዴ ሰው የረሳውን ዕቃ ከባንኮኒው ጀርባ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው፤ ጃንጥላ፣ መነጽር፣ አንድ ጊዜም የጋብቻ ቀለበት አስቀምጦ መልሷል። ሻንጣውን አነሳው። ከበድ አለው፤ መጽሐፍ መሰለው። ወስዶ ባንኮኒው ጀርባ፣ ሳራ የምትባለው ልጅ ማኪያቶ ከምትሠራበት ማሽን ሥር አስቀመጠው።

«ሳራ፣ ይቺን እያት፤ ሰውየውን ልጥራው» አላት።

«ሩጥ፣ ገና አልራቀም» አለችው።

ሮጠ። «ጌታው! ጌታው! ዕቃ ረስተዋል!» እያለ መንገዱን ሲያቋርጥ ሰውዬው ዞር ሳይል ማዕዘኑን ታጠፈ። ያኔ ነው ከኋላው የፈነዳው። በግንባሩ ተደፋ። ቀና ሲል የኬክ ቤቱ ፊት አይታይም፤ አቧራ ብቻ ነው። ሳራ ሞተች። ባንኮኒው አጠገብ ቆመው የነበሩ ሦስት ደንበኞችም ሞቱ፤ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌና ለሠርጋቸው ኬክ ሊያዙ የመጡ ሁለት እጮኛሞች።

ጋሽ ዘውዴን ፖሊስ በዚያው ቀን ያዘው። ከመፈንዳቱ በፊት ሮጦ ሲወጣ ሰው አይቶታል። ካዩት ሰዎች አንዷ እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ የሳራ እናት። እሳቸውና ጋሽ ዘውዴ ከኬክ ቤቱ ጎን ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ልጅቷንም እዚያ ሥራ ያስገባት እሱ ነው። እትዬ በላይነሽ በዚያች ሰዓት ግቢው በር ላይ ቆመው ነበርና ሲጠየቁ ያዩትን ተናገሩ። «ዘውዴ ሮጦ ወጣ፤ ወዲያው ፈነዳ» አሉ። ሌላ ያዩት ነገር የለም፤ የጨመሩትም የለም። ለወራት ታሰረ። በኋላ ጥቃቱን ያደረሱት ሰዎች ተያዙ፣ ተፈረደባቸውም። እሱ ተለቀቀ።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ ዘውዴን ከማውቀው ሰው ሁሉ የምለየው። ሻንጣውን ከወንበር ሥር አንስቶ ባንኮኒው ጀርባ እንዳስቀመጠው ከመርማሪዎቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቦታ ሲቀይረው ያየችው ሳራ ናት፤ እሷ ደግሞ የለችም። ሰፈሩ «ነጻ ወጣ፣ እግዜር ፈረደለት» ብሎ ሊቀበለው ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ግን ከእስር ቤት እንደመጣ ቤቱ ሳይገባ፣ ቀጥ ብሎ እትዬ በላይነሽ በር ላይ ሄዶ ተንበረከከ።

«ሻንጣውን ልጅዎ እግር ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «ፈንጂ መሆኑን አላወቅሁም። ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።»

እትዬ በላይነሽ አዩት፤ ከዚያ በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት ቃል አላናገሩትም።

ግቢውን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ፒያሳ እንደነበሩት የቀበሌ ግቢዎች ሁሉ አንድ መግቢያ፣ አንድ ቧንቧ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ቤቶች። የጋሽ ዘውዴ በርና የእትዬ በላይነሽ በር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጠዋት በሩን ሲከፍት እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ናቸው። ማታ ሲገባም እዚያው ናቸው። አይሰድቡትም፣ አይራገሙም። ዝም ብለው ያዩታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን እሱ ተነስቶ የእሳቸውን በርሜል ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እሱ ቆሞ እያየ፣ በርሜሉን ገልብጠው መሬት ላይ ያፈሱት ነበር። እሱ በሚቀጥለው ፈረቃ መልሶ ይሞላል። ከጊዜ በኋላ ለልብስ አጠባ ይጠቀሙበት ጀመር። የጀመሩ ቀን ጋሽ ዘውዴ ካፌ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «ዛሬ አንሶላ አጠቡበት» አለኝ። እኔ ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ሳቄ ራሱ ያሳፍረኛል።

«ለምን ግቢውን አትለቅም ጋሼ?» አልኩት አንድ ቀን። እህቱ ወይንሸት አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታለት፣ ና እያለች ትለምነው ነበር።

«ወዴት ልሂድ?» አለኝ። «ብሄድ ሸሸ ይሉኛል። ብቀመጥ አያፍርም ይሉኛል። ሂሩት፣ እኔ እኮ የገባሁበት በር ከኋላዬ ተዘግቷል። ቤቱ ሌላ በር ደግሞ አልተሠራለትም።»

አንድ ጊዜ ግን ሄዷል። ልብሱን ሸክፎ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ መናኸሪያ ደረሰ፤ አውቶቡስ ውስጥም ገብቶ ተቀመጠ። ሊንቀሳቀስ ሲል «ወራጅ!» አለ። እኛ ሸኝተነው ገና ሐዘናችን ሳይወጣ፣ ሽርጡን አስሮ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። «ውሃ ማን ይቀዳላቸዋል?» አለ፤ ሌላ ምንም አላብራራም።

አንድ ነገር ደግሞ በጨዋታ መሐል አመለጠው። ሻንጣው መጀመሪያ ከነበረበት ወንበር ቀጥሎ አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ ኬክ ታበላ እንደነበር ነገረኝ። ልጆቹ በመስታወት ስብርባሪ ተቧጭረው ብቻ ወጡ። እኔ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

«ታዲያ እነዚያ ልጆች የተረፉት አንተ ስላነሳኸው ነው! ይህን ለእትዬ በላይነሽ ነግረሃቸዋል?»

ተቆጥቶ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። «የሌላ ሰው ልጅ ተርፏል ብዬ፣ ልጇ ለሞተባት እናት ልንገር?» አለኝ። «እኔ ለማንም ብዬ አላነሳሁትም። ሻንጣ ነበር፤ አነሳሁት። በቃ።»

በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ የሟቾቹ ቤተሰቦች ጊዮርጊስ ያስቀድሱና እትዬ በላይነሽ ዘንድ ለዝክር ይሰበሰባሉ። ጋሽ ዘውዴን አትግባ ያለው የለም። ግባ ያለውም የለም። ስለዚህ ቤቱ ግቢው ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ እንግዶቹ እስኪበተኑ ከመንገዱ ማዶ ግንብ ተደግፎ ይውላል። ዝናብ ቢመጣ እዚያው ነው። አንድ ዓመት ፈቃድ ወስጄ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ አብሬው ቆምኩ። ስለ ፍንዳታው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ሰዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ አወራኝ። ጡረተኛው ጋዜጣ ሲያነብ ከጋዜጣው ጋር ይጣላ ነበር፤ «ውሸታም!» ብሎ ሲጮኽ ደንበኛው ሁሉ ይደነግጣል። እጮኛሞቹ በኬኩ ፎቅ ብዛት ተጨቃጭቀው፣ እሷ ሦስት፣ እሱ አንድ ሲሉ፣ ጋሽ ዘውዴ ሁለት ብሎ አስታርቋቸዋል። ስለ ሳራም ብዙ ነገረኝ። ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ጠጋ ብዬ ነበር የምሰማው።

በዚያ ቀን አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ማይክ ይዛ መጥታ ነበር። ሰዎች ጠቆሟትና ወደ እኛ ተሻገረች።

«ከፍንዳታው የተረፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አልተረፍኩም የኔ ልጅ» አላት። «ውጭ ነበርኩ። ስለ ሟቾቹ ጠይቂኝ።»

ስለ ጡረተኛው ሲጀምርላት፣ «እርስዎ ግን ምን ይሰማዎታል?» አለችው። አንገቱን ነቅንቆ ማይኩን በእጁ ቀስ አድርጎ መለሰላት።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ነዋሪው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። የግቢው ሰዎች አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ተናጋሪው ኃላፊ፣ የለመዱትን ጎረቤት የማይለቁ ሰዎች ካሉ አሁን ይናገሩ፣ አጠገብ ለአጠገብ እናደርጋለን አላቸው። ሁሉም እየተነሳ የሚወደውን ጠራ። እትዬ በላይነሽ በዚያ ጊዜ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሳራ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ተራቸው ሲደርስ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ዘውዴ ካለበት» አሉ።

አንድ ሽማግሌ «እሰይ! ይቅር አሉት ማለት ነው!» ብለው ሊያጨበጭቡ ሲሉ፣ እትዬ በላይነሽ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ይቅር አልኩ ብያለሁ?» አሏቸው። «ዘውዴ ካለበት ነው ያልኩት።» ብለው ተቀመጡ።

ጋሽ ዘውዴ በማግስቱ ይህን ነገረኝ። «ምን ማለታቸው ይመስልሻል?» አለኝ። ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። «ከዓይናቸው እንዳልጠፋ ነው» አለ። «እዳዬን ሳልጨርስ እንዳልጠፋ። ይገባኛል።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ደረሳቸው። ያ የፒያሳ ግቢ ጠበበ ስንል፣ እዚያ ደግሞ በሁለቱ በሮች መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ካፌያችንም በዚያው ሰሞን ተዘጋና ተበታተንን፤ እኔ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ። በዓል ሲመጣ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ውሃ እዚያም ይጠፋል። ጋሽ ዘውዴ በዚያ ደካማ ልቡ ጄሪካን ተሸክሞ፣ በየደረጃው እያረፈ ይወጣል። እትዬ በላይነሽ ደፍ ላይ ያስቀምጥና አንዴ ሳል ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ፋሲካ እኔ እያለሁ ከውስጥ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ዘውዴ በሩን ሳይዘጋ ቆመ። ሌላ ቃል ይመጣ እንደሆን ጠበቀ። አልመጣም።

የሞተው ጠዋት ነው። ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። መቅረቱን አስተውለው ሰው የጠሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው አሉ፤ የበሩን ድምፅ አልሰማሁም ብለው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እትዬ በላይነሽ ከወይንሸት ቀጥሎ፣ ከሐዘንተኞቹ መሐል ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ያስቀመጣቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው መጥተው ነው የተቀመጡት። የድሮዎቹ የግቢ ሰዎች ከሩቅ እያዩ ይንሾካሾካሉ። የአዲሱ ሰፈር ሰው ግን ታሪኩን አያውቅምና ከወይንሸት ቀጥሎ እሳቸውን እየጨበጠ ያጽናናል። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እግዜር ያጥናዎት እማማ። ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

ወይንሸትና እኔ ተያየን።

«ልጄን ያውቃት ነበር» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ሴትየዋ ነገሩ አልገባትም፤ አንገቷን ነቅንቃ አለፈች። እኔ ግን እግሬ ራሱ ወሰደኝና አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ሂሩት ነኝ፣ ካፌ አብሬው እሠራ የነበርኩት አልኳቸው። «አውቄሻለሁ፤ በበዓል የምትመጪው ነሽ» አሉኝ። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ «ጋሽ ዘውዴ ስለ ሳራ ብዙ ነግሮኛል» አልኩና፣ ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ።

የደከሙ ዓይኖቻቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ምን አለሽ?»

«ማሽኑ ሲጮኽ አብራው ትዘፍን ነበር አለኝ። ድምፅዋ አያምርም፤ ግን ዝም በይ ያላት ሰው የለም አለኝ።»

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ፈታ አለ። «አያምርም ነበር» አሉ። «እውነቱን ነው። ቤትም እንደዚያው ነበረች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስንት ዓመት ደጄ ላይ ቆመ። ልጠይቀው እልና ምላሴ ይታሰራል። ከጠየቅሁት ይቅር ያልኩት ይመስለኛል። ሳልጠይቀው ሄደ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የመጣሁበት መኪና ሊሄድ ነው ብለው ከበር ጠሩኝ። ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ፤ እንደ አሮጊት እጅ አይደለም፣ ጠንካራ ነው።

«ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላስ ምን አለሽ?»

መኪናው ይሂድ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።